ኪኒኑን ያልዋጡት

ኅዳር ፲፬ ቀን፣ ከቀትር በኋላ
ከሐይቁ ዳር ካለው ቤታችን

በባሕር ማዶ ተቀምጠሽ የወገንሽን ሕመም በቁጥር ለምትመረምሪ ለልጄ፤

ውኃን በወሰን የከለከለ፣ ሩቁንም እንደ ቅርብ የሚያይ አምላክ ይህችን ወረቀት በሰላም ያድርስልሽ። እንደምን ሰነበትሽ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ፤ ጉልበቴ ግን እኔን ማማከር ከተወ ሰንብቷል። እናትሽ «ደኅና ናት ብለህ ጻፍ» ብላኛለች። እንዳዘዘችኝ ጽፌአለሁ። ከዚህ በታች ያለው ግን እርሷ ያላዘዘችኝ ነውና በትዕግሥት አንብቢው። በስልክ ልነግርሽ ደጋግሜ ጀምሬ ነበር፤ ነገር ግን ዘመኔን ሙሉ በጩኸት ያስተማርኩ ሰው ነኝና ድምፅ ዝቅ ማድረግ አልችልበትም፤ የቤታችንም ግድግዳ ስስ ነው። ወደ አንቺ ከተማ የሚበር መንገደኛ ስለተገኘ በእጁ ሰድጄልሻለሁ፤ ከጉባኤሽ በፊት እንዲያደርስልኝ አደራ ብዬዋለሁ።

በዚህ ወር መጨረሻ በሚደረገው ጉባኤ፣ በከተማችን በየዓመቱ የሚታደለው የትል ኪኒን ይቁም ወይስ ይቀጥል ተብሎ እንደሚቈረጥ፣ ለውሳኔውም ያንቺ ሒሳብ መሠረት እንደሚሆን ነግረሽኛል። ያን ዕለት ያስረዳሽኝን እንደ ተማሪ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ተሳስቼ እንደሆነ አርሚኝ። ትሉ በሰው ሆድ ይኖራል። እንቁላሉ ከሰው ወጥቶ ውኃ ይገባል። በውኃው ውስጥ በቀንድ አውጣ ላይ ያድራል፤ ከቀንድ አውጣውም ወጥቶ ውኃ ውስጥ የቆመውን ሰው በቆዳው በኩል ይገባበታል። ሰው፣ ውኃ፣ ቀንድ አውጣ፣ ደግሞ ሰው። አንቺም በየመሸጋገሪያው አንድ አንድ ቁጥር ታኖሪና መንኰራኵሩን በኮምፒውተር ታሽከረክሪዋለሽ፤ ሞዴል የምትዪውም ይህንኑ ነው። ኪኒኑ በየዓመቱ ከተዋጠ መንኰራኵሩ እየዘገየ ይሄዳል፤ ከአንድ ወሰን በታች ከወረደ ያለ ኪኒንም ራሱ ይቆማል። ከወሰኑ በላይ ሳለ ኪኒኑ ቢቋረጥ ግን እንደ ተዳፈነ ረመጥ ቆይቶ ይነሣል።

እኔም በዕድሜዬ ቁጥር አስተምሬአለሁ። የእኔ ቁጥር ግን የፀሐይንና የጨረቃን መመላለስ የሚከተል ነው፤ ጨረቃ ደግሞ ተራዋን ጠብቃ ትወጣለች እንጂ «ዛሬ ራሴን አዙሮኛል» ብላ አትቀርም። ያንቺ ሒሳብ ከሰው ጋር ነውና እግዚአብሔር ይርዳሽ።

ያን ጊዜ ያልሽኝን አልረሳሁም። «አባባ፣ በተሰጠኝ ቁጥር መሠረት ይህ ትል እስካሁን ሊጠፋ ይገባው ነበር። ከመቶ ሰማንያ አምስቱ ሰው በየዓመቱ ይውጣል ይሉኛል። በሐይቁ ዳርቻ ያሉ ሕፃናት ሲመረመሩ ግን ዛሬም ይገኝባቸዋል። አለቃዬ የምርመራ ስሕተት ነው ይላሉ። ለእኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። ዘንድሮ አንዱ፣ ለከርሞ ሌላው ሳይውጥ ቢቀር መንኰራኵሩ ይቆም ነበር። በየዓመቱ የሚቀሩት እነዚያው ሰዎች ሲሆኑ ግን አይቆምም። እነዚያ ሰዎች አሉ አባባ፤ ማን እንደሆኑ ነው የማላውቀው» አልሽኝ። ይህንንም ለአለቃሽ ብትነግሪያቸው «በወረቀት ላይ ብቻ ያሉ ሰዎች» ብለው እንደሳቁብሽ ስትነግሪኝ ድምፅሽ ደከም ብሎ ነበር። እኔም «አንቺ በቁጥር ያየሻቸውን እኔ በዓይኔ እፈልጋቸዋለሁ» አልኩሽ።

ልጄ፣ እንዳልሽው አሉ። አገኘኋቸው።

ፍለጋዬ ግን ከማይሆን ቦታ ጀመረ። ሽማግሌ ሰው ጥፋት ሲፈልግ ቀድሞ የሚሄደው ወደ መጠጥ ቤት ነውና እኔም ከመጠጥ ቤቱ በር ቆሜ እነዚያን የማይነሡ ደንበኞች ኪኒኑን ይውጡ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አንዱ ብርጭቆውን እንደያዘ ተነሥቶ እጅ ነሣኝና «የኔታ፣ እኛ ኮ ዋጡ የተባልነውን የምንመልስ ሰዎች አይደለንም» አለኝ። ዓሣ አጥማጆቹን ብጠይቃቸው ደግሞ «ከባለ ዘንጓ የሚያመልጥ ዓሣ ብቻ ነው» አሉኝ። ባለ ዘንጓ የሚሏት ኪኒኑን የምታድለውን የጤና ሠራተኛ ነው፤ የእያንዳንዱን ሰው ቁመት የምትለካበት፣ ለቁመቱም የሚገባውን የኪኒን ልክ የሚያሳይ ቀለም የተቀባ ዘንግ ይዛ ስለምትዞር ነው። አንቺ ትምህርት ቤት ሳለሽ ከኋላሽ የምትቀመጠው፣ ሁልጊዜ አፍንጫዋን የምትጠርገው ቀጭኗ ልጅ ናት። ዛሬ ኪኒኑ ቢቆም ወደ ሌላ ከተማ እንደምትዛወር ከወዲሁ ተነግሯታል።

ከዚያ በኋላ ፍለጋው ተቋረጠ። ዝናቡ ሊያበቃ ሲል እናትሽ በግቢያችን አንሶላ ስታጥፍ ደም አስመለሳት። በስልክ «የጨጓራ ነገር ነው» ያልኩሽ ያኔ ነው፤ እኛም የመሰለን እንደዚያው ነበር። ሆስፒታል ወሰድኋት። የሚያወጣው ሊፍት ተበላሽቶ ስለነበር ሦስተኛው ፎቅ የወጣነው በየደረጃው ቆም እያልን ነው፤ ማን ማንን እንደደገፈ ለማየት ለሚያልፈው ሰው አስቸጋሪ ነበር። ወጣቱ ሐኪም ሆዷ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ቀብቶ በመሣሪያው ሲያይ ቆየና ጉበቷ ጠባሳ ማውጣቱን፣ ጣፊያዋ ማበጡን፣ በጉሮሮዋም ውስጥ የተወጠረ የደም ሥር መፈንዳቱን ነገረኝ። «ይህ የብዙ ዓመት ሥራ ነው አባት» አለኝ። «የሐይቁ ትል እንዲህ ያደርጋል። ኪኒኑን አይወስዱም ነበር?»

እናትሽ ጣራ ጣራውን ታይ ነበር። እኔ ስለ እርሷ ሆኜ «በየዓመቱ ትወስዳለች» አልኩት። እርሱም ግንባሩን ከስክሶ ወደ መሣሪያው ተመለሰ።

አንቺ የበሽታን ሸክም እንዴት እንደምትለኩት አስረድተሽኝ ነበር። ለእያንዳንዱ ሕመም የክብደት ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሰው ታሞ የኖረበት ዘመን በዚያ ክብደት ይባዛል፤ ያለ ጊዜው የሞተበትም ዘመን ይደመርበታል። መልካም ሚዛን ነው። እናትሽ ግን ከሰል የሞላ ማዳበሪያ ብቻዋን ታነሣ የነበረች፣ አሁን እርጥብ ፎጣ ጨምቂ ቢሏት እጇ የሚንቀጠቀጥ፣ ይህንንም እንዳላይባት ፎጣውን ከኋላዋ የምትደብቅ ሴት ናት። ለዚህ የትኛውን ክብደት ትሰጪዋለሽ ብዬ አላስጨንቅሽም። ሚዛኑን የሠሩት ሰዎች የመደበቁንም ድካም አስበውበት እንደሆነ ግን ብትጠይቂልኝ እወዳለሁ።

ደክሞኛል ልጄ። ይህን ለማጉረምረም አልጽፈውም። ተማሪዎቼን ለሌላ መምህር አስረክቤአለሁ። ማለዳ ውኃ አሞቃለሁ፤ አጥባታለሁ፤ ፍራሹን እገለብጣለሁ፤ ገንፎው ሲያርብኝ ሁለተኛ እሠራለሁ፤ ሁለተኛውም ያርራል። ጸሎቴ አጥሯል። ቀድሞ ቆሜ የማደርሰውን አሁን በወንበር ጀምሬ በመካከሉ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ስነቃ የቱ ጋ እንዳቆምኩ ስለማላውቅ «የጀመርኩትን አንተው ፈጽመው» ብዬ እነሣለሁ። የሚያስተምር ሰው እንዲህ አይጸልይም ነበር። የሚያስታምም ሰው ግን ይህንኑ ካገኘ ተመስገን ነው።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልመለስ። እንደምታውቂው እናትሽ የሐይቁ ዳር አጣቢዎች አለቃ ናት፤ አንቺን ያስተማረሽም የእንግዳ ማረፊያዎቹ አንሶላ ነው። ስትታመም በቤታችን የቀረ የታጠፈ አንሶላ ነበርና ለጓደኞቿ ላስረክብ አንድ ጠዋት ተሸክሜ ወረድሁ። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ቆመው አንሶላውን ከድንጋዩ ያማቱ ነበር። በዚያው አጠገብ ልጆቻቸው ይዋኛሉ፤ እናቶቻቸው እያዩአቸው እንዲሆን ነው። ሳሙናዋ የሚሏት፣ በእጅም በአፍም የምታጥበው ሴት፣ ከሩቅ አየችኝ።

«የኔታ፣ ከኛ ጋር ሊገቡ ነው? እንግዲያው ቀሚስዎን ሰብሰብ ያድርጉ» አለች።

«አልገባም፤ የአለቃችሁን ዕቃ ላስረክብ ነው የመጣሁት።»

«እንዴት ናት?»

«ደኅና ናት።»

«ደኅና ከሆነች ታዲያ አንሶላ ተሸካሚው እርስዎ እንዴት ሆኑ?»

አንሶላውን ከትከሻዬ አወረድሁ። ከድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ፣ ስለ አንቺ ፍለጋ ትዝ ቢለኝ ነው እንጂ ጠርጥሬ አይደለም፣ «ለመሆኑ እናንተ ኪኒኑን ትውጣላችሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ድንጋይ የሚመታው አንሶላ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጸጥ አለ። እርስ በርስ ተያዩ።

«ንገሪያቸው» አለች አንዷ ሳሙናዋን። «አፍ ያለሽ አንቺ ነሽ።»

ሳሙናዋ አንሶላዋን ጨምቃ ትከሻዋ ላይ ጣለችና ነገረችኝ። ኪኒኑ የመጣ የመጀመሪያው ዓመት ባለ ዘንጓ ማልዳ ወደ ዳርቻው ወረደች፤ አጣቢዎቹ ጎህ ሲቀድ ውኃ ስለሚገቡ ቀድማ እነርሱን ማግኘቷ ነበር። ሳሙናዋ ምንም ሳትቀምስ በባዶ ሆዷ ዋጠችና ገባች። ብዙም አልቆየ ራሷ ዞረ፤ ዓይኗ ጨለመ፤ ከእግሯ ሥር ያለው መሬት ከዳት። «አለቃችን በጸጉሬ ጎትታ አወጣችኝ። እስካሁን በዚህ በኩል ጸጉር አይበቅልልኝም» አለች፤ ጸጉሯ ግን በሁሉም በኩል አለ። የዚያን ዕለት እናትሽ ሁሉንም ሰብስባ ሕግ አወጣች። ወደ ውኃ የምትገባ ሴት ኪኒን አትውጥም፤ ተቀብላ ታስቀምጣለች፤ ማታ እቤቷ በልታ ትውጣለች።

«መልካም ሕግ ነው» አልኩ።

«መልካም ነበር የኔታ። ግን የት እናስቀምጠው? ኪስ የለን፤ በቀሚሳችን ጫፍ እንቋጥረዋለን። ቀሚሱ ደግሞ ከኛ ጋር ውኃ ይገባል። ማታ ስንፈታው ነጭ ሊጥ ነው። አንዳንዴም ሊጡም የለም።»

«በየዓመቱ?»

«በየዓመቱ። ይኸው ይህን ሁሉ ዘመን የዓሣውን ሆድ ስናክም ኖርን። የዚህ ሐይቅ ዓሣ ትል የለበትም፤ በልበ ሙሉነት ይብሉ።»

ሁሉም ሳቁ። እኔንም ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር። «ታዲያ ለባለ ዘንጓ ለምን አትነግሯትም?» ብላቸው አንዷ ዝግ ብላ መለሰች። «ለፍታ የምታመጣውን ሟሟብን እንዴት እንበላት? ሌላ ስጪን ማለትስ ከሌላው ሰው ድርሻ መቀነስ አይሆንም? ደግሞ ደኅና ነን።»

ሌላም ነገር ለሒሳብሽ ያስፈልግሻልና ሳልወድ እጽፈዋለሁ። መጸዳጃ ቤቱ ያለው ከዳገቱ ራስ ነው። የተሰጣ አንሶላ ጥሎ ዳገት መውጣት አይሆንም፤ ነፋስ ይወስደዋል። ሸንበቆው ግን ከውኃው ዳር ነው። ከዚህ በላይ አላብራራም።

ከዚያ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጥኩ ያንቺ መንኰራኵር በፊቴ ሲዞር አየሁት። ሴቶቹ፣ ሸንበቆው፣ ውኃው፣ የሚዋኙት ልጆች። ባለ ዘንጓ በየዓመቱ ቀድማ የምትደርስላቸው፣ በየዓመቱም ያልዋጡ እነዚህ ነበሩ። ቀጥሎም የመጣብኝ ሌላ ሐሳብ ነው፤ እርሱን ግን አንቺም እዚህ ሳትደርሺ እንዳገኘሽው አውቃለሁ። ከሌሎቹ መካከል አልፎ አልፎ ደረቅ ኪኒን ቤቷ ያደረሰች ትኖር ይሆናል። ሕግ ያወጣ ሰው ግን ከሁሉ ይልቅ ሕጉን ይጠብቃል። እናትሽን ደግሞ ታውቂያታለሽ።

ስመለስ ትራሷን ተደግፋ ቁጭ ብላ ነበር።

«ሳሙናዋን አገኘኋት» አልኳት።

«ያቺ አፈኛ። የዓሣውን ነገር ነገረችህ?»

«ነገረችኝ።»

«ቀልዱ የእኔ ነው። ሁልጊዜ ትሰርቀኛለች።»

አልጋው ጫፍ ተቀመጥኩ። ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኋት፤ «አንተ ሰው፣ ምኑ ይነገራል፤ ኪኒን ሟሟ ተብሎ ሰው ይጠራል?» አለችኝ። «ለልጅሽስ?» አልኳት። ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበች። ከዚያ «ልጄ ይህ ትል ጠፋ አልጠፋ ብላ ልትቈጥር ባሕር ተሻግራ ሄደች። እናትሽ ሆድ ውስጥ ነው ያለው ልበላት?» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ባለ ዘንጓ ልትጠይቃት ስትመጣ በረንዳ ላይ አስቀምጬ የሰማሁትን ነገርኳት። ክፉኛ ደነገጠች፤ ቀጥሎም ተቈጣች።

«የኔታ፣ እንግዲህ እኔ ውሸታም ነኝ?»

«አይደለሽም።»

«በእጃቸው አስቀምጬ ነው ዋጡ ብዬ የጻፍኩት። ሲያሠለጥኑን ‹አፋቸውን አስከፍታችሁ እዩ› ይሉናል፤ አልዋሽዎትም። ሕፃኑን አስከፍታለሁ፤ ጎረምሳውን አስከፍታለሁ። ያሳደጉኝን ሴቶች ግን ምላሳችሁን አውጡ ልበላቸው? እርስዎ ቢሆኑ ይሉ ነበር?»

«አልልም ነበር።»

«እንግዲያው እንደዚያ አድርገው አይዩኝ።»

እውነቷን ነው። እነርሱ እንዳታፍር ብለው አልነገሯትም፤ እርሷ እንዳያፍሩ ብላ አፋቸውን አላየችም። ስሕተቱ ሁሉ የተሠራው ከመከባበር ነው። አንቺ በሒሳብሽ ውስጥ ለውኃው አንድ ፊደል፣ ለቀንድ አውጣው አንድ ፊደል ሰጥተሻል፤ መከባበርን በየትኛው ፊደል እንደምትጽፊው አላውቅም። ነገር ግን በዚያ በሰማንያ አምስቱ ውስጥ ተደባልቋልና ለይተሽ አውጪው።

ከተነጋገርን በኋላ ባለ ዘንጓ አለቆቿን ሳትጠብቅ አንድ ነገር አደረገች። ከዘንድሮው እደላ የተረፈ ኪኒን ነበራት። አጣቢዎቹ ሥራ ሲፈቱ፣ ገና ፀሐይ ሳለች፣ ወደ ግቢያችን እንዲመጡ ላከችባቸው፤ አለቃቸው ተኝታ ስለሆነ ከሌላ ቦታ መሰብሰቡን አልወደዱትም። ዳቦና ሻይ ሰጠናቸው፤ ሻዩን የቀቀልኩት እኔ ነኝና አንዳቸውም ሁለተኛ አልጠየቁም። ዘንጉ ከግድግዳው ተደግፎ ቆመ። ባለ ዘንጓ እጇን እያፍተለተለች «እናቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ዛሬ አፍ ሁሉ ይከፈታል» አለች። ሳሙናዋ ቀድማ ገባችና ምላሷን እስከ አገጯ አውጥታ «እስከ ጉበቴ ድረስ እዪ፤ የሚገዛ ካገኘሽም ሽጪልኝ» አለቻት። ሌሎቹም እየሳቁ፣ አንዳንዶቹም በነጭ ሻሻቸው ፊታቸውን ከእኔ እየሸፈኑ፣ አንድ በአንድ ዋጡ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ብርጭቆ አጥብ ነበር።

ያን ጊዜ እናትሽ ከውስጥ ተጣራች። «እኔስ?» አለች።

ሐኪሙ ደሙ ከቆመላት በኋላ ብትወስደው እንደማይከለክል ነግሮኝ ነበር፤ ትሉን ይገድላል፣ ጠባሳውን ግን አይመልሰውም ብሎኛል። ይህን እርሷም ሰምታለች። ባለ ዘንጓ ዘንጓን ይዛ ገባች፤ እናትሽ ልትነሣ ሞከረች፣ አልሆነላትም። ልጅቱ ጥቂት ቆማ አሰበችና ዘንጉን በአልጋው ላይ፣ ከእናትሽ ጎን፣ ከእግሯ እስከ ራሷ አጋድማ ለካቻት። ሴቶቹ በሩ ላይ ተደርድረው ያዩ ነበር።  ሳሙናዋ ሳትቀልድ ወደ ግቢው ዞራ ወጣች።

«አጥሬአለሁ መሰለኝ» አለች እናትሽ። «ኪኒኑን ቀንሺልኝ።»

እኔ ውኃውን ይዤ ከራስጌዋ ቆሜ ነበር። ልቤ ስለ ደከመ አንደበቴም ሳይጠነቀቅ ቀረና «አሁን ምን ያደርግልሻል ብለሽ ነው?» አልኳት። እርሷም ኪኒኖቹን በመዳፏ ይዛ፣ ልጅ ሳለሽ ጥፊ ልታቀምስሽ ስትል እንደምታይሽ አድርጋ አየችኝ።

«ለእኔ አይደለም» አለች። «ያቺ ልጄ ባሕር ማዶ ሆና ይህች ሴት ውጣለች ብላ ቈጥራኛለች። ውሸታም አትሁንብኝ።»

ከዚያም አንድ በአንድ ዋጠች። ኪኒኑ ትልቅ ነው፤ ጉሮሮዋ ደግሞ ታሟል፤ ለእያንዳንዱ ጥቂት ማረፍ ነበረባት፤ የቸኰለ አልነበረም። ሲያልቅ ባለ ዘንጓ ወደ እርሷ ጐንበስ ብላ አፏን ሳታስከፍት ግንባሯን ሳመቻት።

እንግዲህ ልጄ፣ በጉባኤው ላይ እንዲህ በይ። በየዓመቱ ያልዋጡት ሰዎች በወረቀት ላይ ብቻ ያሉ አይደሉም፤ ጎህ ሲቀድ ውኃ የሚገቡ አጣቢዎች ናቸው። ለእነርሱ የሚሆነው ኪኒን ከሥራ በኋላ፣ ከምግብ ጋር የሚሰጠው ነው፤ በዳርቻው አጠገብም መጸዳጃ ቤት ይሠራላቸው። ይህ ተሟልቶ ልጆቹ እንደገና እስኪመረመሩ ድረስ ኪኒኑ አይቁም። አለቃሽ ማስረጃ ቢጠይቁሽ የአባቴ ደብዳቤ ነው አትበያቸው፤ ሽማግሌ የጻፈው ሁሉ ተረት ይመስላቸዋል። ሰው ልከው ሴቶቹን ይጠይቁ፣ ሸንበቆውንም ይመርምሩ። ስለ እናትሽ ግን በዚያ አዳራሽ አንዳች አትናገሪ። ቁጥርሽ በእንባ ተደግፎ የቆመ እንዳይመስላቸው፤ በራሱ እግር ይቆማልና። ይህን ስጽፍልሽ እንዴት እንደሚከብድሽ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። አንቺ ከሁላችን አስቀድመሽ፣ ማንነታቸውን ሳታውቂ፣ እንዳሉ ያወቅሽላቸው ሰው ነሽ። ያየሻቸውም በመልካም ዓይን ነው፤ ሰነፎች ወይም እንቢተኞች ናቸው አላልሽም፤ «አሉ» ብቻ ነው ያልሽው። ለዚህ አባትሽ ያከብርሻል።

የሚሰበሰበውን ሁሉ የሚያውቅ፣ ከሚቈጠሩትም ያልተቈጠሩትን የማይረሳ ጌታ አእምሮሽን ያብራልሽ፤ አንደበትሽን በታላላቆች ፊት ያጽናልሽ፤ በመውጣትሽና በመግባትሽ ይጠብቅሽ፤ ከሰው ፊት ሞገስን፣ ከብቸኝነትም ዕረፍትን ይስጥሽ። የእናትሽም ምርቃት ከእኔ ጋር አለ፤ ተኝታለችና አልቀሰቅሳትም።

ሥራሽን ፈጽመሽ ወደ ቤት ብትነሺ መልካም ነው። ሳትፈጽሚ ብትነሺም በዚህ ቤት የሚወቅስሽ የለም።

አባትሽ